ጉባኤን በሥርዐት መምራት፦ ለአዲስ የሰበካ ጉባኤ ሰብሳቢዎች

የሰበካ ጉባኤ የሥራ ዘመን በየሦስት ዓመቱ ሲያልቅ በየአጥቢያው አዲስ ምርጫ ይካሄዳል። በመሐል ሜዳና በዙሪያዋ ባሉ የመንዝ አጥቢያዎች ለልማት ሥራ ስንመላለስ ከምርጫው በኋላ ደጋግመን የምናየው ነገር አለ። አዲስ የተመደበው አስተዳዳሪ ወይም አዲስ የተመረጠው ምክትል ሊቀ መንበር ገንዘብ ያጣል ብለን ስንሠጋ፣ ገንዘቡ እያለ ስብሰባውን መምራት ይቸግረዋል። ቅዳሴ እንዳበቃ በደጀ ሰላሙ ወይም በጥዱ ሥር ሕዝቡ ይቀመጣል፤ የሚነጋገሩበት ጉዳይ ምን እንደሆነ ከሰብሳቢው በቀር የሚያውቅ የለም። አንዱ ስለ ጣራው ክዳን ሲጀምር ሌላው ያለፈውን ዓመት የሙዳየ ምጽዋት ቆጠራ ያነሣል፤ ሦስተኛው ስለ መቃብር ቦታ ያደረ ቅሬታውን ይዞ ይነሣል። ነፋሱ ሲበረታና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሰዉ ጋቢውንና ባናውን እየሰበሰበ ይበተናል። ምን እንደ ተወሰነ በማግሥቱ ሲጠየቅ እያንዳንዱ የየራሱን ይናገራል።

ስብሰባ ሲበላሽ የሚጎዳው የሰብሳቢው ክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዜና መጽሔት ቦታ ባልሰጠነው ነበር። ነገር ግን ምንጭ ለማጎልበት፣ ችግኝ ለማፍላት ወይም የተጎዳ ተዳፋት ለመከለል ከአጥቢያው ጋር የምንፈራረመው ውል የሚመሠረተው በሰበካ ጉባኤው ውሳኔ ላይ ነው። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ካልሰፈረ ውሉ አይፈረምም፤ ውሉ ካልተፈረመ ሲሚንቶው አይጫንም፤ ሲሚንቶው ካልተጫነ የበጀት ዓመቱ ያልፍና እናቶች እንስራቸውን አዝለው ወደ ቀድሞው ወራጅ ውኃ መውረዳቸውን ይቀጥላሉ። በመሆኑም የስብሰባ አመራር ከፕሮጀክት ሥራ የተለየ ጉዳይ አይደለም።

ክርክሩ ከየት መጣ?

ብዙዎች የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ የሚታወከው በሰዎች ጠባይ ምክንያት ይመስላቸዋል። «እገሌ ነገረኛ ነው፤ እሱ ከወጣ ሰላም ይሆናል» ሲባል እንሰማለን። የእኛ አስተያየት ከዚህ ይለያል። ነገረኛ የተባለው ሰው ከኮሚቴው ወጥቶም ስብሰባው እንደ ታወከ የቀጠለባቸውን አጥቢያዎች አይተናልና። ምክንያቱን ለማግኘት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

የሰበካ ጉባኤ አደረጃጀት በቃለ ዐዋዲ የተደነገገው በ1965 ዓ.ም.፣ በሁለተኛው ፓትርያርክ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ነው። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም.፣ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው ዐዋጅ ወጣ። ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት አገልጋዮቿን ታኖርበት የነበረው መሬትም በአንድ ጊዜ ከእጇ ወጣ። ከዚያ በፊት ቄሱም ዲያቆኑም መሪጌታውም በዋነኛነት ይተዳደር የነበረው ለአገልግሎቱ ከተሰጠው መሬት ነበር። ጠብ ቢነሣ ጠቡ የመሬት ጠብ ነውና በዳኛ ፊት፣ በበልሃ ልበልሃ ሙግት ይታይ ነበር። መንዝ ደግሞ ርስቱን በሙግት መጠበቅ የሚያውቅ አገር ነው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ስለ ዐማራ ገበሬ ኑሮ ሲጽፍ በቅርብ ያየው ይህንኑ የመንዝን አገር ነበር።

መሬቱ ሲሄድ ሙግቱ አብሮ አልሄደም። የአገልጋዩ ደመወዝ፣ የጧፉና የዕጣኑ ወጪ፣ የሕንፃው እድሳት ሁሉ ምእመናን በሚያዋጡት፣ በስእለትና በሙዳየ ምጽዋት ላይ ሲወድቅ ክርክሩም ከችሎት ተነሥቶ ወደ ደጀ ሰላም መጣ። በችሎት ግን ዳኛ ነበረ፤ የመናገር ተራ ነበረ፤ ዋስና ምስክር ነበረ። በደጀ ሰላሙ ይህ ሁሉ በብዙ አጥቢያ ገና አልተተከለም።

በዚህ ላይ ሰበካ ጉባኤ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድነት ያስቀምጣል። ይህ የቃለ ዐዋዲው ታላቅ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን ሦስቱ ወገኖች ሦስት የንግግር ልማድ ይዘው ይመጣሉ። ካህናቱ በቅኔ ማኅሌት በቀኝና በግራ በማዕርግ ተራ ቆመው ያደጉ ናቸውና ታናሽ ከታላቅ ቀድሞ ሲናገር ድፍረት ይመስላቸዋል። የምእመናኑ ልማድ ከዕድርና ከሽምግልና የተወሰደ ነው፤ በዚያም ተናጋሪው ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ፣ ምሳሌ እየጨመረ፣ እስኪጨርስ ድረስ አይቋረጥም። ወጣቶቹ ደግሞ በወረቀት የተጻፈ አጀንዳ፣ የደቂቃ ገደብና እጅ አውጥቶ ድምፅ መስጠት ለምደዋል፤ ሽማግሌው ሲያስረዝም ሰዓታቸውን ያያሉ። ስለዚህ አንዱ ሌላው የናቀው እየመሰለው ይቆጣል። ማንም ግን ማንንም አልናቀም፤ ሦስቱም በየለመዱት ሕግ ጨዋ ናቸው። አዲሱ ሰብሳቢ ጨዋነትን ሊያስተምር ሳይሆን ለሦስቱም አንድ የሆነ ተራ ሊያስይዝ ነው የተቀመጠው።

መንዝ ሥርዐት ያውቃል

«የእኛ አገር ሰው በሕግ አይሰበሰብም» የሚለው አነጋገር ከመንዝ ሰው አፍ ሲወጣ ያስገርመናል። ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው፣ ስፋቱ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የጓሳ ሥፍራ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዐት ሲጠበቅ ኖሯል። ሥፍራው ለአስቦና ለጌራ ባለ ርስቶች የተከፈለ ሲሆን ከዚያ በታች ደግሞ በየአጥቢያው ይደለደል ነበር። በሁለቱም ወገን አንድ አንድ አባ ቄራ ተመርጦ ይጠብቃል፤ ያስጠብቃል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለልዩ ልዩ የቤት ዕቃ ይፈለጋልና ማንም እንዳሻው ቢያጭደው ኖሮ በአንድ ትውልድ ባለቀ ነበር። ስለዚህ ሥፍራውን ለጥቂት ዓመታት ዘግተው ያሳርፉታል፤ ሣሩ ሲደርስ ለሁሉም በተነገረ ቀን ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባም በቅዱሳን ጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ ሰዉም ከብቱም ለቅቆ ይወጣል።

ከዚህ ሥርዐት ለስብሰባ የሚሆን ብዙ ነገር አለ። መዝጊያውና መክፈቻው ከቤተ ክርስቲያን በዓል ጋር ስለሚያያዝ «አልሰማሁም» የሚል ሰው አይኖርም። አባ ቄራው የሚመረጠው ተጠቃሚው ሕዝብ ባለበት ነው፤ ስለሆነም የሚታዘዘው ሕዝቡ ራሱ በሰጠው ሥልጣን ነው። ሕጉም ለሁሉም አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ጥፋተኛ ከተያዘ በኋላ የሚወጣ ሕግ አይደለም። በብዙ ኮሚቴዎቻችን የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። አንድ ሰው ሲያስረዝም «ከአምስት ደቂቃ በላይ አይቻልም» የሚለው ደንብ በዚያው ቅጽበት ይወለዳል፤ ተናጋሪውም ደንቡ በእርሱ ላይ የወጣ ይመስለዋል። በእውነትም በእርሱ ላይ ነው የወጣው።

የቄሮ ሥርዐት በ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ማግሥት ቢፈርስም የጓሳው ሥፍራ ዛሬም በማኅበረሰቡ ተጠብቆ ይገኛል፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም አሉ። በየወሩ የጽዋ ማኅበር ቤት የሚደረገውንም ማሰብ ይገባል። ሠላሳና አርባ ሰው በአንድ ጠባብ ቤት ተቀምጦ፣ ጠላ ቀርቦ፣ ነገር ግን ሙሴው «እንጸልይ» ሲል ሁሉ ይነሣል፤ የሚቀጥለው ተረኛ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ማንም አይወጣም። ይኸው ሰው በሰበካ ጉባኤ ሲቀመጥ የሚጮኸው ሥርዐት ጠልቶ አይደለም።

ሐዋርያትም ተከራክረዋል

አዲስ ሰብሳቢ ሁሉ ክርክር ሲነሣ ይደነግጣል፤ ክርክር የኃጢአት ምልክት ይመስለዋል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15ን በጥሞና ያነበበ ግን ይጽናናል። ከአሕዛብ ያመኑት ይገዘሩ ወይስ አይገዘሩ የሚለው ጥያቄ አንጾኪያን ባወከ ጊዜ ሐዋርያትና ቀሳውስት በኢየሩሳሌም ተሰበሰቡ። ቅዱስ ሉቃስ ብዙ ክርክር እንደ ነበረ አልሸሸገም። ከክርክሩ በኋላ ቅዱስ ጴጥሮስ ተነሥቶ ያየውን ተናገረ፤ በርናባስና ጳውሎስ ሲናገሩ ጉባኤው ዝም ብሎ ሰማ፤ በመጨረሻ የኢየሩሳሌሙ ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ያዕቆብ የተባለውን ሰብስቦ ፍርዱን አቀረበ። ውሳኔው በደብዳቤ ተጻፈ፤ የሚያደርሱት ሰዎች በስም ተመረጡ፤ ደብዳቤውም በአንጾኪያ በሕዝቡ ፊት ተነበበ። አንድ ጉዳይ፣ ተራ በተራ ንግግር፣ የሰብሳቢው ቃል በመጨረሻ፣ ጽሑፍ፣ አስፈጻሚ፣ ለሕዝብ ማሳወቅ፦ በዘመናችን የስብሰባ ሥልጠና የሚሰጠው ሁሉ በዚያ ምዕራፍ ተሰናድቶ ይገኛል።

ከእነዚህ መካከል በአጥቢያዎቻችን እጅግ የጎደለው የሰብሳቢው ቃል በመጨረሻ መምጣቱ ነው። በተለመደው አካሄድ አስተዳዳሪው ስብሰባውን በጸሎት ይከፍትና በዚያው ሳይቀመጥ ሐሳቡን በሰፊው ያስረዳል። ከዚያ በኋላ «አባታችን እንዳሉት» ከማለት በቀር የንስሐ አባቱን በአደባባይ የሚቃወም ማነው? ዝምታው ስምምነት ይመስላል። ተቃውሞው ግን አልጠፋም፤ በገበያ መንገድና በጠላ ቤት ይነገራል፤ መዋጮው ሲጠየቅ ደግሞ እጅ በመሰብሰብ ይገለጣል። አስተዳዳሪው ሐሳቡን ለመጨረሻ ቢያቆየው ተቃውሞውን በፊቱ ሊሰማው፣ ምናልባትም ሊማርበት ይችላል።

በጉባኤ ዘመን መወሰንም ጥንታዊ ነው። በ325 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ኤጲስ ቆጶሳት በየዓመቱ ሁለት ጊዜ እንዲሰበሰቡ በአምስተኛው ቀኖናው ደንግጓል፤ የእኛም ቅዱስ ሲኖዶስ እስከ ዛሬ በጥቅምት 12 እና በርክበ ካህናት ይሰበሰባል። ወደ አገራችንም ብንመጣ፣ በጎረቤታችን በተጉለት በደብረ ምጥማቅ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ስለ ቀዳሚት ሰንበት አከባበር ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀውን መለያየት የፈታው የአቡነ ኤዎስጣቴዎስን ደቀ መዛሙርትና ጳጳሳቱን በአንድ ሸንጎ በማስቀመጥ ነበር። አንዱ ወገን በሌለበት የተወሰነ ነገር ያን ያህል ዘመን የቆየን ልዩነት ባልፈታ ነበር።

ከአገር ውጭ የሚነገር አንድ ታሪክም አለ። ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የሚባል የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ በ1863 እ.ኤ.አ. በኒው ቤድፎርድ ከተማ በቤተ ክርስቲያን የተጠራን ስብሰባ እንዲመራ ተጠየቀ። መኮንን ስለ ነበረ ይችላል ተብሎ ነው። ስብሰባው ታውኮ ከእጁ ወጣ፤ እርሱም በኀፍረት ወደ ቤቱ ሄዶ የስብሰባ ሕግ ማጥናት ጀመረ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1876 እ.ኤ.አ.፣ ያሳተመው የስብሰባ ደንብ መጽሐፍ እስካሁን በብዙ አገር ማኅበራት ይሠራበታል። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ለአጥቢያ ኮሚቴ አያስፈልግም። መሠረቱ ግን ጥቂት ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ጉዳይ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ተናጋሪ፣ ሁሉም ሳይናገር ማንም ሁለተኛ አይናገር፣ ንግግሩም ወደ ሰብሳቢው እንጂ ወደ ባላጋራ አይሁን። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 14 ስለ ጉባኤ ሲያዝዝ ተናጋሪዎች በየተራ እንዲሆኑ፣ ለሌላው ነገር ቢገለጥለት የመጀመሪያው ዝም እንዲል ነግሯቸዋል። መሐንዲሱ ከጦር ሠራዊት ያላገኘው ሕግ በሐዋርያው መልእክት ውስጥ ነበረ።

ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት

አዲስ ሰብሳቢ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሠራው ሥራ በስብሰባው ላይ ከሚሠራው ይበልጣል። በመጀመሪያ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ቃለ ጉባኤ ያንብብ፤ ተወስነው ያልተፈጸሙትን በአንድ ወረቀት ይጻፍ። አብዛኛው ቁጣ የሚመነጨው ከእነዚህ ነው። ቀጥሎ ሽማግሌዎቹን፣ ቄሰ ገበዙን፣ መሪጌታውን፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ኃላፊ፣ በተለይም «ነገረኛ» የሚባለውን ሰው፣ በየቤታቸው ሄዶ ይጠይቅ። ይህ ድምፅ መሸመት እንዳይመስል ለሁሉም አንድ ጥያቄ ያቅርብ፤ «ይህ ጉባኤ ምን ቢሠራ ደስ ይልዎታል?» ብሎ ይስማና ቃል ሳይገባ ይመለስ። በቤቱ የተደመጠ ሰው በጉባኤ መካከል ብዙ አይጮኽም።

ቀኑ የታወቀ ይሁን። በየወሩ የአጥቢያው ታቦት መታሰቢያ የሚውልበት ቀን ይመረጣል፤ ገበሬው በዚያ ቀን ሞፈር አይጨብጥምና ይገኛል። ሆኖም የበልግ እርሻና የገብስ አጨዳ በሚበረታበት ወር ስብሰባው አጭር እንዲሆን ቀድሞ ማወጅ ይገባል። የሚነጋገሩበት ጉዳይ ከሦስት አይብለጥ፤ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚነገረው ማስታወቂያም ይሰማ። «ልዩ ልዩ» የሚለውን የመጨረሻ አጀንዳ ብናስቀር እንመርጣለን። ጠብ ሁሉ የሚደበቀው በዚያ ውስጥ ነው፤ ሰውም ደክሞ ሊነሣ ሲል በልዩ ልዩ ስም ታላቅ የገንዘብ ውሳኔ ሲያልፍ አይተናል። አዲስ ነገር ያለው ሰው ለጸሓፊው ያስመዝግብ፤ በሚቀጥለው ወር ይታያል።

የገንዘብ ነገር ሁልጊዜ መጀመሪያ ይምጣ። ገንዘብ ያዡ የወሩን ገቢና ወጪ በደረሰኝ ቁጥር ያንብብ፤ ሙዳየ ምጽዋቱ በስንት ሰው ፊት እንደ ተቆጠረም ይነገር። ይህ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሳይነገር ከቀረ ግን ስለ ጣራም ሆነ ስለ ምንጭ የሚደረገው ንግግር ሁሉ በውስጡ የገንዘብ ጥርጣሬ ይዞ ይሄዳል፤ ሰብሳቢውም ለምን እንደሚጋጩ ሳይገባው ይመሻል።

ስለ ቃለ ጉባኤ ጥቂት ረዘም አድርገን እንናገራለን፤ አብዛኛው ችግር የሚፈታው በእርሱ ነውና። በተለመደው አሠራር ጸሓፊው ማስታወሻ ይይዝና በሳምንቱ በቤቱ ያሳምረዋል፤ ፊርማውም ከቤት ወደ ቤት ይለቀማል። በዚያ ሳምንት ውስጥ ውሳኔው መልኩን ይለውጣል፤ ክፋት ሳይኖርም ይለወጣል፤ ሰው የሚያስታውሰው የወደደውን ነውና። እኛ የምንመክረው ውሳኔዎቹ ብቻ፣ ንግግሩ ሳይሆን፣ በዚያው በጉባኤው ላይ በአጭሩ እንዲጻፉ ነው፦ ምን ይሠራል፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ፣ በየትኛው ገንዘብ። ከመዝጊያው ጸሎት በፊት ጸሓፊው ቆሞ በድምፅ ያነብባል፤ ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶችም ይሰማሉ፤ የሚታረመው በዚያው ይታረማል፤ ፊርማው ወይም የጣት አሻራው በዚያው ይደረጋል። የተቃወመ ሰው ካለ ተቃውሞው በስሙ ይጻፍለት። ይህን ብዙ ሰብሳቢዎች ይፈሩታል። ነገር ግን ቃሉ በመዝገብ የሰፈረለት ሰው በየደጁ እየዞረ መናገር አያሻውም፤ «ተጽፎልኛል» ብሎ ያርፋል።

የንግግር ተራን በተመለከተ ደንቡ በመጀመሪያው ስብሰባ፣ ገና ማንም ሳይቆጣ፣ ይጽደቅ። ሽማግሌ ሲያስረዝም ወጣት ሰብሳቢ «ሰዓትዎ አልቋል» ቢል ነውር ነው፤ «አባቴ፣ ዋናውን ቃልዎን እንዲጽፍልን ለጸሓፊው ይንገሩልን» ቢል ግን ሽማግሌው ራሱ ያሳጥራል። ለሚጮኸው ሰው ድምፅን ከፍ አድርጎ መመለስ አይረዳም። አንዳንድ አስተዋይ አባቶች በዚህ ጊዜ ተነሥተው «አቡነ ዘበሰማያት እንበል» ይላሉ፤ ሁሉም ይነሣል፤ ሲቀመጥ ድምፁ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። መልካም ዘዴ ነው። በአንድ ስብሰባ ከሁለት ጊዜ በላይ ከተደረገ ግን ጸሎቱ የአፍ መዝጊያ እንደ ሆነ ሰዉ ያውቅበታል።

ድምፅ ስለ መቁጠር አሳባችን መካከለኛ ነው። በአገራችን ልማድ ተመካክሮ መስማማት ይበልጣል፤ በ11 ለ10 የተወሰነ ነገር በማግሥቱ 10 ሰው የማያዋጣበት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ሙሉ ስምምነት እስኪመጣ እንጠብቅ ከተባለ አንድ ሰው ብቻውን አጥቢያውን ሊያስር ይችላል። ስለዚህ አንድ ጉዳይ በሁለት ስብሰባ ተነግሮበት ካልተስማሙ በሦስተኛው፣ በቃለ ዐዋዲው የተወሰነው ምልዓተ ጉባኤ ባለበት፣ ድምፅ ይቆጠር። ከዚያ በኋላም ቅሬታ ያለው ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት በጽሑፍ የማቅረብ መብት አለው፤ ይህንንም ሰብሳቢው ራሱ ቢነግረው ይመረጣል። የሃይማኖትና የቀኖና ጥያቄ ግን በኮሚቴ ድምፅ አይቆጠርም፤ ወደሚመለከታቸው አባቶች ይመራል።

ምንጩና ጣራው

ከላይ የተባለው ሁሉ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከመሐል ሜዳ ብዙ በማይርቅ አንድ አጥቢያ የሆነውን እንጨምር። ከሌላ ወረዳ ተዛውረው የመጡት አስተዳዳሪ በዕድሜ ወጣት ቄስ ናቸው። ሲደርሱ ያገኙት ሁለት ወገን ነበር። የላይኛው መንደር ሰዎች ውኃ ቅርባቸው ስለሆነ በአጥቢያው ያለው ጥቂት ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ቆርቆሮ እንዲውል ይሻሉ፤ ጣራውም በእውነት ያፈስስ ነበር። የታችኛው መንደር ሰዎች ደግሞ ሲሚንቶና ቧንቧ ከእኛ ስለሚመጣ የአጥቢያው ገንዘብ ለአሸዋና ለግንበኛ ወጥቶ ምንጩ እንዲጎለብት ይፈልጋሉ። ገንዘቡ ለሁለቱም አይበቃም። ከእርሳቸው በፊት በዚህ ጉዳይ አራት ጊዜ ተሰብስበው አራቱንም በጩኸት ተበትነዋል።

አስተዳዳሪው የስብሰባውን ቀን በየወሩ በ21 አደረጉት። በመጀመሪያው ስብሰባ የያዙት አንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ እርሱም የሣጥኑ ቆጠራና ያለፈው ዓመት ሒሳብ። ጣራውን ሊያነሣ የቆመ ሰው ነበረ፤ «በሚመጣው ወር የመጀመሪያው ተናጋሪ እርስዎ ነዎት» ብለው ስሙን በፊቱ አስመዘገቡት። በሁለተኛው ስብሰባ የጣራዎቹ ሰዎች ጨርሰው ተናገሩ፤ ከዚያ የምንጩ ሰዎች ተናገሩ። አስተዳዳሪው ምንም አላሉም። ወንዶቹ ሲጨርሱ ወደ ዳር ወደ ተቀመጡት ሴቶች ዘወር ብለው ለአንዲት መነኵሲት፦

«እማሆይ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሏቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ አባቴ፤» አሉ እማሆይ። «ብቻ ጣራው የሚያፈስሰው በክረምት ነው፤ እኛ የምንጠማው በበጋ ነው። አሁን ደግሞ ኅዳር ነው።»

ከዚህ በፊት በአራቱ ስብሰባዎች ጥያቄው «ከቤተ እግዚአብሔርና ከውኃ የቱ ይበልጣል?» የሚል ሆኖ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደግሞ መልስ የለውም። እማሆይ «የቱ ይቅደም?» ወደሚል ለወጡት። በሦስተኛው ስብሰባ፣ በታኅሣሥ፣ አስተዳዳሪው በመጨረሻ ተናግረው ውሳኔው ተነበበ፦ ገንዘቡ አሁን ለምንጩ ይወጣል፤ የላይኛው መንደር በድንጋይ ማጓጓዝ ሦስት ቀን ይረዳል፤ ከፋሲካ በኋላ ሁለቱም መንደር ለጣራው እኩል ያዋጣሉ፤ የታችኛው መንደርም በጣራው ሥራ በተራው ሦስት ቀን ይሰጣል። ስማቸው የተመዘገበ አራት ሰዎች ኃላፊነቱን ወሰዱ። ከጣራው ወገን አንድ አዛውንት ተቃውሟቸውን በመዝገብ አስጽፈው በዚያው ፈረሙ። እርሳቸው እስካሁን ወደ ስብሰባ የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው፤ መዋጮአቸውን ግን በወቅቱ ከፍለዋል።

ምንጩ በየካቲት ተጠናቀቀ። ለጣራው የተዋጣው ገንዘብ ከታሰበው አንሷል፤ የቆርቆሮም ዋጋ ጨምሯል፤ ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ የተከደነው ከቅድስቱ በላይ ያለው ክፍል ብቻ ነው። የቀረው ክፍል ጉዳይ በ21ኛው ቀን ስብሰባ፣ ከገንዘብ ያዡ ሪፖርት ቀጥሎ፣ ሁለተኛ አጀንዳ ሆኖ ተይዟል።